ፀሐይን የሚከተል ተሳቢ

አባዬ ቁጭ ማለት አያውቅም። ልጁ ስለሆንኩ የማማው እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው። ለሦስት ቀን ብሎ የወጣበት መንገድ ወር ይፈጅ ነበር። እኔ ስወለድ መንገድ ላይ ነበር። ሳገባም መንገድ ላይ ነበር፤ ትዳሬ ፈርሶ የልብስ ስፌት ማሽኔን አሸክሜ ወላጆቼ ቤት ስመለስም መንገድ ላይ ነበር። ከሰነባበተ በኋላ መጥቶ መስኮቱ ሥር ሲያየን፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። ስለ ማሽኑ ይሁን ስለ እኔ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ ከለከለው። ቀን ቀን ደህና ነው፤ መሸት ሲል ግን መንገዱና ገደሉ አንድ ይሆንበታል። ቁልፉን ለባለመኪናው መልሶ ቤት ዋለ። ቤት ዋለ ስላችሁ ደግሞ ሰው የሚውለውን አዋዋል እንዳታስቡ። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ የግቢውን በር ከፍቶ መንገዱን ያይና መልሶ ይዘጋል። ያልተበላሸ ማጠፊያ ይፈታል። ክሮቼን በቀለም በቀለም ደርድሮ የምፈልገውን ክር አሳጣኝ። አንድ ቀን ማሽኑ ዘይት ጠምቶታል ብሎ እስኪንጠባጠብ ቀብቶልኝ፣ የሰው ልጅ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አበላሸሁ። ከአፌ የወጣውን አልደግመውም። እማዬ ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ «ይሄን ሰውዬ አንድ ነገር ላይ ካላሰርነው ይሄዳል» አለችኝ በሹክሹክታ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር።

እማዬ ገበያ ውስጥ አትክልት ትሸጣለች። የዚያን ሰሞን ደግሞ የአትክልት ዋጋ ነገር ሰላምታ ከመለዋወጥ ቀድሞ የሚነሳ ወሬ ሆኖ ነበር። ዛሬ የተማረሩበት ዋጋ በሳምንቱ ይናፍቃል። በኪሎ ይገዙ የነበሩ ሴቶች በፍሬ መግዛት ጀመሩ። አንዷን ቲማቲም ያነሳሉ፣ ያገላብጧታል፣ መልሰው ያስቀምጧታል፤ ከዚያ ዋጋውን እሷ የፈጠረችው ይመስል እማዬን ቀና ብለው ያዩዋታል። «አንጀት የለሽም እንዴ?» ያለቻትም አለች።

እማዬን የጎዳት ግን ስድቡ አልነበረም፤ ምርቃት መተዋ ነው። መደቧ ላይ በኖረችበት ዘመን ሁሉ መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ ቃሪያ ወይ አንድ ሽንኩርት ከላይ ጣል ሳታደርግ ሰው ሸኝታ አታውቅም። አሁን «መርቂኝ እንጂ!» ሲሏት እጇ ይዘረጋና መሀል ላይ ይቀራል። ቤት ገብታ ስታወራልን እጇን ታሳየን ነበር። «እሱ ራሱ እኮ ነው የሚዘረጋው» ትላለች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ።

አባዬ ይህን ሲሰማ ያብዳል። «እዚያ ማሳው ላይ እኮ ከብት እየበላው ነው! እኔው አይደለሁ ስጭነው የኖርኩት? ነዳጁ፣ ኬላው፣ ደላላው፣ ሁሉም ቆንጠር እያደረገ እዚህ ሲደርስ ወርቅ ይሆናል።»

«እና ምን ላድርግህ? ማሳውን አዝዬ ላምጣው?»

«ይመጣል! ማሳው ራሱ እዚሁ ይመጣል!» አለና ተነሳ። እኛ ያው እንደ ልማዱ በሩን ከፍቶ መንገዱን ሊያይ መስሎን ነበር።

ግቢያችን እውነቱን ለመናገር ለማሳ የሚሆን አይደለም። መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ በዚያ ላይ ጎን ላይ የተሠራው ፎቅ ፀሐያችንን ወስዶብናል። ጠዋት በሩ አካባቢ ትንሽ ትገባለች፣ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ቧንቧው ጋ ትሻገራለች፣ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ዘላ መንገድ ዳር ናት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። አባዬ ግን ሹፌር ነው፤ ያልመጣለትን ሄዶ ማምጣት ነው የሚያውቀው። አሮጌ ጀሪካኖችን ለሁለት ቀደደ፣ አፈር ሞላባቸው። ከሳንቃ ዝቅ ያሉ ጋሪዎች ሠራ፤ ጋራዥ የጣለውን ኩሽኔታ ለምኖ እግር አደረገላቸው። ጋሪዎቹን በገመድ አንዱን ካንዱ ኋላ አሰረና ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ጎመኑን ጭኖ ፀሐይዋን እየተከተለ መጎተት ጀመረ።

ኩሽኔታው ሲሚንቶ ላይ ሲሽከረከር የሚያሰማው ጩኸት ጥርስ ያፋጫል። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው «ተሳቢ» አሉት፤ ትልልቆቹ አክብሮት ጨምረውበት «ጋሽ ተሳቢ» አደረጉት። እሱ እንደ ሹመት ነው የተቀበለው። ቧንቧው ጋ ሲታጠፍ «ኋላዬን እዪልኝ!» ብሎ ይጣራል። እኔም ስፌቴን አቁሜ በመስኮት አንገቴን አወጣና «ና! ና! ና! በቃ!» እለዋለሁ፤ በስተርጅና ረዳት ሆንኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። «ቲማቲም ቆሞ ሲያድግ ነው የምናውቀው፤ ዟሪ ቲማቲም በማን አገር አለ?» አሉ። ዟሪው ቲማቲም ግን አፈራ። የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ባርኔጣው ውስጥ ሰብስቦ መጣና እማዬ ጉልበት ላይ ዘረገፋቸው።

«እነዚህን እንዳትሸጫቸው» አላት። «ለምርቃት ናቸው።»

እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ጠርጋ ለብቻ አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ አንድ ፍሬ ቲማቲም ለገዛች ሴትዮ አንድ ቲማቲም መረቀቻት። ሴትዮዋ ደንግጣ ቆማ ቀረች አሉ፤ ቀጥሎ ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። ዋጋው አልወረደም፤ ሰው ግን ወደ እማዬ መደብ ተመለሰ፤ እማዬም ቀና ብላ ሰው ማየት ጀመረች።

የሚከፋው የአባዬ ወገብ ነበር። ጎትቶ ጎትቶ ሲገባ ግድግዳ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ከእኛ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ዳቦ ቤት ጀርባ ባዶ ጓሮ አለ፤ አንዲት ጥላ የማያርፍበት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚውልበት። እኔም አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ባለዳቦ ቤቷን ለምን አንጠይቃትም?» አልኩ። እማዬ፣ «አርፈሽ ብዪ! እሷ መሬቷን ለሌላ ነገር አስባዋለች» ብላ ቆረጠችኝ። አባዬም ፈጠን ብሎ ስለ ኩሽኔታ ቅባት ማውራት ጀመረ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ስለማላውቅ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ስፌት ይዞኝ ተውኩት።

ከዚያ ስልኩ ተደወለ። የድሮው ባለመኪና ነው። አዲስ መኪና ገዝቻለሁ፣ ሹፌሩ ልጅ ነው፣ መንገዱን አያውቀውም፤ አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ብታሳየው፣ መንዳት የለብህም፣ አለው። አባዬ ስልኩን ሳይዘጋ ነው ቦርሳውን በዓይኑ የፈለገው። ፊቱ በራ። እንዲህ ሲበራ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር ብል እዋሻለሁ።

እማዬ ሲከፋት አትጮኽም፤ ዕቃ ታጥባለች። የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። ያን ቀን ቤት ውስጥ ያልታጠበ ነገር አልቀረም። ለእሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ለእኔ ግን፣ «ልጁን እንቅልፍ ሲጥለው መሪውን ማን ሊይዝ ነው?» አለችኝ። «አባትሽን አታውቂውም? ያዝልኝ ካሉት ገደል አፋፍ ላይ ሆኖም ይይዛል።» እውነቷን ነው።

አባዬ ሊሄድ ሲል ጋሪዎቹን እያሳየ መመሪያ ሰጠኝ። «በሩ ጋ ብዙ አታቆያቸው... አታቆዪያቸው ነው የምልሽ! ጥላው ግድግዳውን ሲነካ ወደ ቧንቧው። ስትታጠፊ ገመዱን ላላ አድርጊ። ከሰዓት ወደ ውጭ።» ሲጣደፍ እንደ ወንድ ረዳት ነው የሚያዘኝ። ጎህ ሲቀድ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። እማዬ ቀድማው ወደ ገበያ ሄዳ ነበር፤ ደህና ሁን እንኳ አልተባባሉም።

እኔ ደግሞ የጎተትኩትን ብታዩት! መጀመሪያ ገመዱ ተጠላለፈ። ሳፍታታ ጥላው ደረሰ። ተጣድፌ ስታጠፍ የመጨረሻው ጋሪ ተገለበጠና አፈሩ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ፤ አንድ የቲማቲም ግንድ ተሰበረ። በአንድ በኩል ሸሚዞቹ አልተሰፉም፣ በሌላ በኩል ፀሐይዋ አትጠብቅም። መሬት ላይ ተቀምጬ አባቴን፣ ባለመኪናውን፣ ፎቁን የሠራውን ሰውዬ በየተራ ረገምኩ።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ እማዬ ገባች። ገና ምሳ አልደረሰም። ታማ እንኳ መደቧን ጥላ የማትመጣ ሴት ናት።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት ደንግጬ።

«ጥላው አይደርስባቸውም ወይ?» አለች። ገመዱን ከእጄ ነጥቃ መጎተት ጀመረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች። «ይሄ ሁሉ መንከራተት የኔ ሥራ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ባለዳቦ ቤቷ ጓሮዬን ውሰዱ ብላኝ ነበር፤ ያውም በነፃ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። እሱ እንዳይሰማ ብዬ አስምያታለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ወገቡ እስኪቆረጥ? እያየሽው?»

«ወገቡን አሸዋለሁ!» አለች ዞር ብላ። «ጓሮው ውስጥ ቢተክለው ጠዋት ያጠጣና ይጨርሳል። ከዚያ ምን ሊያደርግ ነው? በሩን ከፍቶ መንገዱን ሊያይ! ጋሪው ግን ቀኑን ሙሉ ይፈልገዋል። ስንት ዓመት ሙሉ በር በር እያየሁ ነው የኖርኩት? ይሄ የጋሪ ጩኸት ከመጣ ወዲህ ነው እንቅልፍ የሚባል ነገር ያወቅኩት። ክፉ ሴት በዪኝ እንግዲህ።»

ክፉ ሴት አላልኳትም። አቅፌያት ቆምኩ፤ አብረን አለቀስን። የአባዬ ነገር እንዲህ ያስጨንቃት እንደነበር ከዚያ በፊት ገብቶኝ አያውቅም።

«በዚህ ሰዓት ቧንቧው ጋ ነው መሆን የነበረባቸው» አለ አንድ ሰው ከኋላችን።

አባዬ ነው። ቦርሳውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ስንቱን እንደሰማ አላውቅም።

«ልጁ ገና ከከተማ ሳንርቅ ዓይኑን ያሽ ጀመር» አለ፣ አንዳችንንም ሳያይ። «ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ‹ፋዘር፣ ትንሽ ያዝልኝ፣ ሸለብ ላድርግ› አለኝ። ቀን ነው፣ ይታየኛል። እሺ ልለው ነበር። ልለው ነበር እኮ! ቀን ከያዝኩ ደግሞ ሲመሽም እይዛለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እዚያው ተኛ ብዬው ለባለመኪናው ደወልኩና ወረድኩ።» ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ። «የጓሮውን ነገር ደግሞ አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ራሷ ናታ። አንቺን ባናገረችሽ በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስገባ፣ ‹ሚስትህ እምቢ አለችኝ፤ አንተስ ምን ትላለህ?› አለችኝ። እኔም እምቢ አልኳት። አንቺ እንዳትሰሚ ብዬም አስማልኳት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል ይሄ ነው። ያቺ ባለዳቦ ቤት የባልም የሚስትም መሐላ ተሸክማ ጠዋት ጠዋት በፈገግታ ዳቦ ስትሸጥልን ከርማለች።

«አንተ ደግሞ ለምን?» አለች እማዬ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ወገብህ እንዲያ እያሰቃየህ?»

አባዬ ጎንበስ ብሎ የተገለበጠውን ጋሪ አቃና፤ የተበተነውን አፈር በእጁ እየዛቀ መለሰ፤ የተሰበረውን ግንድ አየና ገላመጠኝ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«እነሱ አንድ ቦታ ከቆሙ፣ እኔን ማን ያቆመኛል?» አለ።

የፎቁ ጥላ ሲሚንቶውን ተሻግሮ የመጀመሪያው ጋሪ ጋ ደርሷል። ቀድማ ያየችው እማዬ ናት።

«ጥላው መጣ» አለች። «ምን ያስቆምሃል ታዲያ? ሳብ እንጂ!»

ገመዱን ያዘና ሳበ፤ ኩሽኔታው ጮኸ። እኔም ከኋላ ሆኜ «ና! ና! ና!» አልኩት። እማዬ አጠገቡ እየሄደች ቦርሳውን ከትከሻው ላይ አወረደችና ወደ ቤት ይዛው ገባች።