የባለኖራው ገመድ

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ግራ ዓይኑን ኖራ በላው። ከግንበኞች ጋር በቀን ሥራ ገብቶ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ጥሬ ኖራ ውሃ ሲፈስበት እንደ ድስት እንደሚንተከተክ አልነገሩትም፤ ቢነግሩትስ በዚያ ዕድሜ ማን ይሰማል? ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል ፈንድቶ ፊቱ ላይ ተረጨ። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቹን በፋሻ ጠቅልሎ፣ "ግራው አልቆለታል፤ ቀኙን እንጃ" አለ። አርባ ቀን በጨለማ ተኛ። እናቱ ከአልጋው እግር እስከ ጓሮው በር ሲባጎ ወጠረችለትና፣ "በል ልጄ፣ ሰው እየመራህ አትልመድ፤ ይህን ይዘህ ሂድ" አለችው። እየዳሰሰ ሄደ፤ እየዳሰሰ ተመለሰ። ፋሻው ሲፈታ ቀኝ ዓይኑ መጀመሪያ ያየው እናቱን ሳይሆን ሲባጎውን ነው። እናቱ እስክትሞት ድረስ በዚህ ነገር ታኮርፈው፣ መልሳም ትስቅበት ነበር።

ሰው ካቃጠለው ነገር ይሸሻል። እሱ ግን ኖራን መተዳደሪያው አደረገው። በከተማው ስታዲየም የሜዳ መስመር ሊያሰምር ሲቀጠር፣ "አንድ ዓይን ያለው ሰው እንዴት መስመር ያቀናል?" ብለው ሳቁበት።

"አናጢ የእንጨቱን መቅናት ሲያይ አንዱን ዓይኑን ይጨፍን የለም? እኔ መጨፈኑ ቀርቶልኛል" አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ባለኖራው ሆነ። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አሰመረ። ጨዋታ ባለበት ቀን ጤዛው ሳይደርቅ ይገባል። ችካሎቹን ይተክላል፤ ሲባጎውን ይወጥራል፤ ባለአንድ ጎማዋን የኖራ ሣጥን እየገፋ ሜዳውን ይዞረዋል። የዳር መስመሮቹና የቅጣት ክልሉ ማዕዘኖች ስታዲየሙ ሲሠራ የተቀበሩ የብረት ምልክቶች ስላሏቸው አይሳሳቱም። ብረት የሌላት የፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ ብቻ ናት። ለእሷ አሥራ አንድ ሜትር ለክቶ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሮ ያዘጋጀው ወፍራም ገመድ አለው። አንዱን ቋጠሮ የግቡ መስመር ላይ ይረግጣል፤ ሌላው ያረፈበት ላይ ኖራውን ያደርጋል። ገመዱን ማታ ማታ ይዞት ይገባል፤ ግምጃ ቤቱን ለአይጥ ስለማያምነው።

ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ሳለች ኳስ ይዛ ሣሩ ላይ ስትገባ ያባረራት እሱ ራሱ ነው፤ መመሪያው ሣሩ ለክለቡ ብቻ ነው ይላልና። አድጋ የስፖርት መምህርት ሆነች። አርባ ልጃገረዶች ታሠለጥናለች፤ የሚጫወቱት ግን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጉልበት በሚልጥ የጠጠር ግቢ ነው። ስታዲየሙን ፍቀዱልን ብላ በጻፈች ቁጥር መልሱ ያው ነው፤ ሣሩ ይጎዳል።

በዚህ መሐል ነው ከተማው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን የሚያደርገውን ትልቅ ጨዋታ ላስተናግድ ብሎ የጠየቀው። ሌሎች ስድስት ከተሞችም ጠይቀዋል። ከንቲባው በስብሰባ ላይ፣ "ቡድኑ ከመጣልን ሜዳው በሳምንት ሦስት ቀን ለሴት ልጆቻችን ክፍት ይሆናል" ብለው ቃል ገቡ። መምህርቷ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ አስወጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከተማው ታጠበ፤ ተቀባ። ለወንድ ብቻ ተብሎ የተሠራው መልበሻ ክፍል ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ትልቅ መስታወትም ተሰቀለበት። ከዚያ ወዲያ የስታዲየሙ ኃላፊ በዚያ ሲያልፉ ከረባታቸውን ሳያስተካክሉ የሄዱበት ቀን የለም።

የከተሞቹን ሜዳ አይተው የሚመርጡት ገምጋሚዎች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ልጁ አዲስ የብረት ሜትር ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ሰዎቹ እያንዳንዱን መስመር ይለካሉ አሉ። እስቲ እኛ ቀድመን እንለካ።"

"የእኔን መስመር? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጣት አይዛነፍም!"

"አንዱንስ አድርጎታል፤ ለቀረው እንኳ ተጠንቀቅ።"

እየተሳሳቁ ለኩ። ዳሩ ልክ ነው። የቅጣት ክልሉም ልክ ነው። ነጥቧ ጋ ሲደርሱ የልጅቷ ሳቅ ቆመ። አሥር ሜትር ከአርባ። ወደ ሌላኛው ግብ ሄዱ፤ እዚያም አሥር ሜትር ከአርባ። ሦስት ስንዝር ጎድሏል።

ገመዱን አንጠልጥሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች።

"ይህን ገመድ ማን ነካው?"

"ከእኔ ሌላ ማን ይነካዋል?"

"ምን አድርገሽው?"

"አጥቤው ነዋ! ኖራ ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ደረቀ ቆዳ ሲሆን ዝም ልበል? በየጊዜው በፈላ ውሃ ቀቅዬ፣ በሳሙና አሽቼ አሰጣዋለሁ። ባሏን ቆሻሻ ገመድ አስይዛ ትልካለች እንዲሉኝ ነው?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እስቲ ንገሪኝ፤ የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ምን ይሆናል?"

"ያጥ..." አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። በረኛው ትዝ ብሎት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመጨረሻው ደቂቃ የፍፁም ቅጣት ምት ገብቶበት ክለቡን ከማደግ ያስቀረው፣ ሕዝቡ "ወንፊት" ብሎ የሰየመው፣ ዛሬ ሚኒባስ የሚነዳው በረኛ።

በማግስቱ ነገሩን ለኃላፊው ነገራቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉ።

"በአዲሱ ሜትር አስምርና አፍህን ያዝ።"

"የአሮጌው ነጥብ ቦታ ሣሩ በኖራ ተቃጥሎ መላጣ ሆኗል። ይታያል።"

"አረንጓዴ ቀለም ቀባዋ!"

"ሣር ይቀባል እንዴ ጌታዬ?"

"ልጅህ ሜዳ ትፈልግ የለ? እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉት።

ይቺ ቃል እህል አላስበላችውም። አዲሷን ነጥብ በብረት ሜትሩ ለክቶ አሰመረ። ቀለሙንም በጣሳ በጥብጦ መላጣዋ አጠገብ ተንበረከከ፤ ብሩሹን አነሣ፤ መልሶ ጣሳው ውስጥ ከተተው። ጣሳውን ይዞ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቅም ነበር።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ትንሽ የምታነክስ የቀድሞ ተጫዋች ናት። ሁሉን አየች፤ ሁሉን ለካች። መልበሻ ክፍሉን ወደደችው። ሜዳው ላይ ግን ከአዲሷ ነጥብ ፊት ለፊት ቆመች።

"ይህች መላጣ ምንድን ናት?"

ኃላፊው ቀደሙ። "እሷማ... ለሕፃናት ናት። ከቅርብ እንዲመቱ ብለን ነው።"

"ጥሩ ነው። ሕፃናት እዚህ ይጫወታሉ ማለት ነው?"

"ኧረ በጭራሽ! ሣሩ ላይ ልጅ አይገባም" አሉ፤ ወዲያው ግን ምላሳቸውን ነከሱ።

መምህርቷ ከሜዳው ዳር ቆማ ትሰማለች። ባለኖራው ልጁን አያት፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

"እመቤት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነጥቧ እስከ ትናንት ድረስ እዚያ ነበረች። መለኪያ ገመዴ አጥሮ ኖሯል።"

"ገመድ እንዴት ያጥራል?"

"ተቀቅሎ።"

ገምጋሚዋ አልሳቀችም። "ስንት ዓመት እንዲህ ተጫወታችሁ?"

"አላውቅም። ስንቱን ሰው እንደበደልኩም አላውቅም።"

ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ባለኖራው ቀና ሲል ልጁ ከቆመችበት ቦታ የለችም፤ ሳትሰናበተው ሄዳለች።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከሚኒባሶቹ ማቆሚያ ሄዶ በረኛውን መስኮቱ ላይ ያዘው፤ ከሀ እስከ ፐ ነገረው። በረኛው ሞተሩን አጠፋ።

"ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ!" አሉ ተሳፋሪዎቹ።

"ቆዩ! ዘጠኝ ዓመት የተቀጠረ ፍርድ ነው" አላቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ኳሱ ሳይመታ በግራ ወድቄ ነበር፤ ኳሱ የገባው በቀኝ ነው። ነጥቧን ከከተማ ቢያስወጧትም አልደርስበትም።"

"እንዲያም ሆኖ ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብያለሁ። ግን አንድ ነገር ያስቸግሩልኝ፤ ቤቴ መጥተው ይህንኑ ሚስቴ ፊት ይድገሙልኝ። በግራ መውደቄን አያንሡባት።"

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ትልቁ ጨዋታ ብዙ ሆቴል ላለው ሌላ ከተማ ተሰጥቷል። ለዚህ ከተማ የደረሰው የብሔራዊ ቡድኑ የአሥር ቀን ልምምድና አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ነው። "የሜዳውን ጉድለት የሜዳው ሠራተኛ ራሱ ነግሮናል፤ ስለዚህ በቀሩት ልኬቶች ላይ ጥርጣሬ የለንም" ይላል። ከሥሩ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ተጽፏል፤ ልጆች የማይገቡበት ሜዳ ላይ ብሔራዊ ቡድን አይለማመድም፤ ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት ሜዳው ለከተማው ልጃገረዶች ይከፈት። ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት፤ የሜዳውንም ቁልፍ ለባለኖራው ሰጡት።

በመጀመሪያው ቀን አርባዎቹ ልጃገረዶች ሣሩ ላይ ሲገቡ መሮጡን ትተው ተንከባለሉበት። ባለኖራው ኖራው ሁሉ በቀሚስና በቁምጣ ሲጠረግ ቆሞ አየ። መምህርቷ ከነጥቧ አንድ ኳስ መታች። በአግዳሚው ላይ አለፈ።

"አባዬ፣ ነጥቧ ራቀች እኮ!"

"ልኩ ነው። አንቺ ነሽ የጎደልሽ" አላት።

ላቧን እየጠረገች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "ባይሰጡንስ ኖሮ? ያን ቀን ስትናገር አላሰብክበትም?"

"እንዴት አላስብም? ከሴትዮዋ ይልቅ የፈራሁት አንቺን ነው። ሜዳውም ደግ ነገር ነው፤ ደብዳቤውንም እናትሽ በፍሬም አስገብታ ትስቀለው። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ተቆጥተሽ ከሄድሽ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ገና ደብዳቤ ሳይታሰብ፣ ዓይንሽ እንዳበጠ ያንን ሜትር ይዘሽ መጥተሽ 'በል ተነሥ፣ የመሐሉን ክብ አልለካነውም' አልሽኝ። ለእኔ ትልቁ ነገር ያ ነው። የቀረው ሁሉ ምርቃት ነው።"