መጀመሪያ አደራ የተባለችው

ቀለም ቀቢው ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ወንደላጤ ነው። በዚህ ዓለም ዘመዴ የሚለው አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረው። እሱ መሰላል ላይ ሲወጣ ያ ሰው ከሥር ይይዝለታል፤ እየያዘም ይቀልድበታል። ባልደረባው ታሞ ሊሞት ሲል «እናቴን አደራ» አለው።

አደራ ይከብዳል። ቀለም ቀቢ ደግሞ ጭንቅ ሲይዘው የሚያውቀው መድኃኒት ቀለም ብቻ ነው። የአሮጊቷን ክፍል በየዓመቱ ይቀባል፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ውኃ ሰማያዊ፣ እንደገና ነጭ።

«ልጄ፣ ቤቴ እኮ በቀለም ብዛት ጠበበኝ!» ይሉታል።

ዘንድሮ ግን የአሮጊቷ ዓይን ደከመ። የበሩ ደፍ ላይ ወድቀው ጎረቤት አነሳቸው። ቀለም ቀቢው እየበረረ መጥቶ «እኔ ቤት እንሂድ» ቢላቸው፣ ወይ ፍንክች! «የሰው ሸክም ከምሆን እዚሁ ልሙት» አሉ። ትቷቸው ቢሄድ ደግሞ ዳግመኛ ቢወድቁ እንደማይተርፉ ያውቃል።

ለመነ፣ ተቆጣ፣ አልሆነም። ቢቸግረው ከራስጌያቸው መጽሐፍ ቅዱሱን አንስቶ የስቅለቱን ታሪክ እየተንተባተበ ያነብላቸው ጀመር፤ ዓይኑ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው።

«‹ከዚህም ሰዓት ጀምሮ ደቀ መዝሙሩ ወደ ቤቱ ወሰዳት።› ሰሙ እማማ? ቤቷን ቀባላት አይልም እኮ! እኔ ሞኙ ይሄን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ስለቀልቅ!»

«እስቲ ከዚያ ከፍ ብሎ ያለውን አንብብልኝ» አሉ።

«‹እናቱን፦ አንቺ ሴት፥ እነሆ ልጅሽ አላት።›»

«አየህ? ከደቀ መዝሙሩ በፊት አደራ የተባለችው እሷ ናት። በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሀል ልጅ ሰጣት።» እንባቸው መጣ። «የኔውም ልጅ አንተን ሳይጠራ በፊት እኔን ጠርቶ ‹እሱ ማንም የለውም፣ እናት ሁኚው፣ አደራሽን› ብሎኝ ነበር። እኔ ደካማዋ ምን አደርግልሃለሁ ብዬ አፍሬ ዋጥኩት። አደራ በላ ሆኜ ልሞት ነበር እኮ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እናት እንዳለው የሰማው ያን ቀን ነው። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«በል ሹራቤን አቀብለኝ» አሉት። «ያንተ ቤት ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«የቀለም ቀቢ ቤት ምን ቀለም አለው፣ እማዬ? ባዶ ሲሚንቶ ነው።»

በሳምንቱ የራሱን ክፍል ሊቀባ መሰላል ላይ ወጣ። ባልደረባው ከሞተ ወዲህ መሰላሉን በድንጋይ እያስደገፈ ነበር የሚሠራው፤ እየተንቀጠቀጠበት። አሁን ግን ድንገት ቀጥ አለለት። ቁልቁል ቢያይ አሮጊቷ የመሰላሉን እግር በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ኧረ እማዬ፣ ይቀመጡ!»

«ዝም ብለህ ቀባ። አደራዬን ልወጣበት።»

«ተመስገን» አለ ከላይ ሆኖ፤ ብሩሹንም ቀለሙ ውስጥ ነከረ።