ከሟቹ ሥር የተጻፈችው

ከሚሴ፣ ዘር በሚያድል መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መዝጋቢው ጋሽ ሰይድ መዝገቡን ዘርግተው አሳዩኝ። አባወራ ሲሞት ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል፤ ሚስቱ ከሥሩ ትጻፋለች። «ገጽ አይቀደድም፣ ተራ አይነካም» አሉ። እኔ ችኩል ነኝ፤ ግማሹን አልሰማሁም። የተቀጠርኩት ኮምፒውተር ትችላለች ተብዬ ነው።

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ስጨርስ የመዝሪያው ወቅት ደረሰ። ኃላፊው «የዘር መውሰጃ ካርዱ ለሰኞ ይድረስ» አለ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከመጽሐፍ ለብቻዬ ተምሬ ስለነበር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ይዞራል፤ «ሟች» የተባለ ካገኘ እዚያው ከዝርዝሩ ያወጣዋል፤ ለሌላው ካርድ ያትማል። በአሥር ስም ሞከርኩት። ሟቹ አንድ ነበር፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ሠራ።

ጋሽ ሰይድ «ከመዝገቡ ጋር ላመሳክረው?» አሉኝ።

«ማሽን አይሳሳትም ጋሼ፣ ይረፉ» አልኳቸው።

በእደላው ቀን ከጨፋ የመጡት እማማ ዘይነብ መስኮቱ ላይ ቆሙ። ባላቸው በበጋው ሞተዋል። ካርዶቹን ሁለቴ ገለበጥኩ። «ስምዎ የለም» አልኳቸው።

«ማል ጄታ? ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ወላሂ እሱን ነው የቀበርነው። እኔም ሞቻለሁ እንዴ?»

ከኋላቸው የቆመችውም ካርድ የላትም። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም። ሁሉም ባል የሞተባቸው ናቸው። ከሰልፉ አንዱ «ባልየውን አላህ፣ ሚስትየዋን ኮምፒውተር!» ብሎ ሳቀ። ማንም አላገዘውም።

ፕሮግራሙን አንድ በአንድ አስኬድኩት። የሚቆጥረው ስም ሳይሆን ቦታ ነው። ሦስተኛው ላይ ሟቹን አወጣ፤ አራተኛ የነበረችው ሚስት ወደ ሦስተኛ ከፍ አለች፤ ፕሮግራሙ ግን ወደ አራተኛ አለፈ። ሳያያት። በጋሽ ሰይድ መዝገብ የተሰረዘም ሰው ቦታውን አይለቅም።

ማረሙ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዘሩ ግን የመጣው በካርዱ ቁጥር ልክ ነው፤ ትርፍ የለም። ኃላፊው «ደብዳቤ እንጽፋለን» አለ። ተጻፈ። ሁለተኛው ጭነት ሲገባ የመዝሪያው ጊዜ አልፏል።

ጋሽ ሰይድ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በመስከረም በጨፋ አለፍኩ። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። በመሀሉ የእማማ ዘይነብ መሬት አረም ለብሶ ነበር። ከመኪናው አልወረድኩም።

አሁንም በዚሁ ሙያ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች የምላቸው ይህን ነው፦ እየዞራችሁበት ካለው ዝርዝር ላይ ስም አታውጡ። የሚቀሩትን ወደ አዲስ ዝርዝር ገልብጡ። ከዚያ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ።