ፊት ለፊት የምትቆመው መምህር

ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ አራቱን ጫፍ ይከፋፈላል፣ ያራግፋል፣ ይቀራረባል፣ ጫፍ ከጫፍ ያገጥማል፣ መልሶ ይራራቃል። የአንዷ ቀኝ እጅ የሌላዋን ግራ እጅ ይጠብቃል። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሴት በቀን ሦስት መቶ አንሶላ እንዲህ ታጥፋለች። ከባልደረባዋ ጋር አፋቸው የሰፈር ወሬ ያወራል፤ እጃቸው ግን አንድም ቀን ሳይሳሳት ይገናኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ይህችው ሴት እትዬ ስምንት ናት። ስሙን ያወጡላት ጭፈራ የምታስተምራቸው ልጆች ናቸው። ሂፕ ሆፕ በስምንት በስምንት ስለሚቆጠር፣ ስምንት ላይ በደረሰች ቁጥር ወደ አንድ ትመለሳለች። «ዘጠኝን የማታውቅ መምህር ያለችን እኛ ብቻ ነን» ይላሉ። እሷም «ዘጠኝን ለሒሳብ መምህራችሁ ትቼላቸው ነው» ትላለች።

የሚማሩት በወጣት ማዕከሉ ጓሮ ባለ አዳራሽ ነው። ድሮ የወንበር ማከማቻ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ምሰሶ፣ ጥግ ላይ አንድ ድምፅ ማጉያ። መስታወት የለም። ተማሪዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው፤ ትንሹ የፊት ጥርሱ የወለቀ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ትልቁ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረና ሁሉ ነገር የሰለቸው ለመምሰል የሚደክም የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ። ሁሉም ጀማሪዎች ናቸው። ትንሽ ሲራመዱ ወደ ሌላ መምህር ያልፋሉ፣ በእነሱ ቦታ ሌሎች ጀማሪዎች ይመጣሉ። እሷ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጋር ናት።

ጭፈራውን ያገኘችው ከታናሽ ወንድሟ ነው። አስተማራት ለማለት እንኳ ይከብዳል። በልጅነታቸው ቤት መስታወት ስላልነበረ «እስቲ ፊቴ ቁሚና የማደርገውን አድርጊ፤ ራሴን ልየው» ይላት ነበር። እሷም ትቆምለታለች። እሱ በኋላ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነና ጭፈራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ጭፈራው እሷ ላይ ቀረ።

ሌሎቹ መምህራን ለተማሪ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚያሳዩት፤ ቀኛቸው ከልጆቹ ቀኝ ጋር እንዲሄድ። እሷ ጀርባ መስጠት አልሆነላትም። ዞር ባለች ቁጥር ማን እንደጠፋው፣ ማን ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አታይም። ስለዚህ ፊት ለፊት ትቆማለች። «ቀኝ» ስትል ራሷ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ «ግራ» ስትል ወደ ቀኝ። ልጆቹ የሚያዩትን ብቻ ተከትለው ትክክል ይሆናሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አስተማረች፤ አንድም ልጅ ነገሩን ልብ ብሎት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጣች። በአንድ ክረምት ተመዛ ያደገች፣ ልጆቹ ቀጭኔ የሚሏት። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች።

«እግሬ የኔ አይመስለኝም እትዬ» አለች ስትጠየቅ።

በአራተኛው ቅዳሜ እትዬ ስምንት ከሆስፒታሉ የተጣለ አሮጌ አንሶላ ይዛ መጣች። «ጭፈራውን ተዪው። ይሄን አብረሽኝ እጠፊ» አለቻት። አራገፉ፣ ተቀራረቡ፣ ተራራቁ። ለአራተኛ ጊዜ ሲያጥፉት ሙዚቃው ተከፈተ። በስድስተኛው ላይ መምህርቷ አንሶላውን ከልጅቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችው፤ ቀጭኔ ግን እጇ አየር እንደያዘ፣ ጉልበቷ ከምቱ ጋር ዝቅ ከፍ እያለ ቀጠለች። ዛሬ የምትቆመው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው።

ከማዕከሉ ደብዳቤ የመጣው ነገሩ ሁሉ ሰላም በሆነበት ሰሞን ነው። ማዕከሉ ውስጥ የሚያስተምር ሁሉ ከእንግዲህ ይፈተናል፤ ያላለፈ ክፍሉን ለሌላ ያስረክባል ይላል።

«አንቺን ምን ያስፈራሻል?» አለች ባልደረባዋ፣ በአንሶላው ማዶ። «አሥራ አንድ ዓመት የጨፈርሽውን ልትጨፍሪ ነው።»

ቀጭኔ ግን ቅዳሜ ሲወጡ ወደኋላ ቀርታ «እትዬ፣ ከወደቅሽስ?» አለቻት።

«ሌላ መምህር ይመጣላችኋል።»

«እኔ የሰው ጀርባ እያየሁ አልማርም።»

እትዬ ስምንት ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ምን እንደሚደረግ ለማሰብ ሞከረች፤ አንድም ነገር አልመጣላትም።

ፈተናው ሐሙስ ጠዋት፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ፈታኙ ከሃያ አምስት የማይበልጥ፣ ነጭ ጫማው አቧራ የማያውቅ የሚመስል ወጣት ነው። አጠገቡ የማዕከሉ ኃላፊ፣ ዝምተኛ ሴትዮ፣ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ዘበኛው በክረምት በበጋ የማያወልቀውን ትልቅ ካፖርት ለብሶ ቆሟል።

«የመጀመሪያዎቹን አራት ስምንቶች ያሳዩን» አለ ወጣቱ በትሕትና። «እኔ እጠራለሁ። ቀኝ።»

ወደ ግራ ሄደች።

«ቀኝ ነው ያልኩት። ከመጀመሪያው።»

እንደገና ወደ ግራ። በሦስተኛው ሆን ብላ ሰውነቷን ወደ ቀኝ ጎተተችው። እግሯ ተጠላለፈ፣ ክንዷ ዘግይቶ መጣ፤ በማይጽፍበት እጁ ስሙን ለመጻፍ እንደሚታገል ሰው ሆነች። ቆመች። ፈታኙ አንድ ነገር ጻፈ። ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች።

«ደክሞዎት ይሆናል» አለ ፈታኙ። «ግን ቀኝና ግራ ለጀማሪ ዋናው ነገር ነው...»

ያኔ ነው ለራሷም የገባት። በዕድሜዋ አንድም ቀን ብቻዋን ጨፍራ አታውቅም። መጀመሪያ የወንድሟ መስታወት ነበረች፣ ቀጥሎ የልጆቹ። የራሷ የሆነ ቀኝ ኖሯት አያውቅም።

«ብቻዬን አልችልም» አለች። «ሰው ይቁምልኝ።»

«ፈተናው የግል ነው።»

«የጭፈራ ነው የማስተማር?»

ወጣቱ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። ኃላፊዋ ወረቀቱን አነሳች፣ አነበበች። «የመምህራን ነው የሚለው» አለች።

እትዬ ስምንት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አሻገረችና ጨርቁን ገፈፈችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይህን ይያዙልኝ።»

«እኔን?» አለ ዘበኛው። «ኧረ እህቴ፣ እኔ በሠርጌ ዕለት እንኳ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት። ሚስቴ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።»

«ጭፈራ ማን አለዎት? ጨርቅ እንጠፍ ነው ያልኩት።»

ሁለቱን ጫፍ ያዘ። አራገፉ፤ አንድ፣ ሁለት። ተቀራረቡ፤ ሦስት፣ አራት። ተራራቁ። እሷ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። ትከሻው ሲደርቅ የራሷን ታላላለታለች፣ ሲፈጥን እስትንፋሷን ታስረዝምለታለች። «በቀኝ» ትለዋለች፣ በግራዋ እየሄደች። ሙዚቃው ሲከፈት ደነገጠ፤ እሷ ስላልደነገጠች ግን ቀጠለ። ጨርቁን መቼ እንደወሰደችበት አላወቀም። ኃላፊዋ አፏን በእጇ ከደነች። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የዘበኛው ካፖርት በአራት ስምንቶች መሀል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር፤ ቀኙ ቀኝ፣ ግራው ግራ።

ፈታኙ ከወንበሩ ተነስቶ ዘበኛው ጀርባ ሄዶ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሆኖ አያት። ሳያስበው የራሱ ጉልበትም ዝቅ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበርና ሙዚቃው ሲያልቅ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ሁልጊዜ ተገልብጠው ነው የሚሠሩት?» አላት።

«ለእኔ ነው የተገለበጠው። ለእሳቸው ቀጥ ያለ ነው።»

«እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማስተምረው» አለ ፈታኙ።

«ከኋላህ ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ በምን ታውቃለህ ልጄ?»

ወጣቱ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ የጻፈውን በሁለት መስመር ሰርዞ ከሥሩ ሌላ ጻፈ።

ውጤቱን ዓርብ ኃላፊዋ ራሷ ነገረቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ መርዶ። «አልፈሻል፤ ግን ለጀማሪዎች ብቻ ነው የሚለው። ከፍ ያሉትን ማስተማር አትችይም። በዚህ እንዳታዝኚ።»

እትዬ ስምንት ወረቀቱን ተቀብላ ጫፍ ከጫፍ አገጣጥማ አጠፈችው። «እኔስ ሌላ ምን ጠይቄ ነበር?» አለች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጆቹ እየተጋፉ በበሩ ገቡ። ቀጭኔ የመጨረሻዋ ሆና መጣች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መምህርቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ዘበኛውን እዪው። በሩ ላይ ብቻውን ጉልበቱ ዝቅ ከፍ ይላል። ምን ነካው?»

«ተዪው» አለች እትዬ ስምንት፣ ፊቷን ወደ ልጆቹ አዙራ ቦታዋን እየያዘች። «እየቆጠረ ነው።»