ሦስት መቶ ሰማንያ ወንበር

ትኬት የምናድልበት ሶፍትዌር የተሰረዘ ስም አያጠፋም። ግራጫ ያደርገውና ከዝርዝሩ ግርጌ ያስቀምጠዋል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የዝማሬ ፕሮግራም ምዝገባ ልከፍት ስገባ የአንድ ወጣት ስም እዚያ ይጠብቀኛል። ልጁን በአካል አይቼው አላውቅም። የሰረዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ናይሮቢ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ፕሮግራም ላቪንግተን ሰፈር የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ትከራያለች። ትኬቱ ነጻ ነው፤ ግን ቀድሞ በስልክ መያዝ ግድ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለአዋቂም፣ ለልጅም፣ ለመዘምራን ቤተሰብም ለየብቻ ቁጥር ሰጥቼ፣ የሁሉንም ድምር የሚገድበውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሦስቱም በየፊናቸው ሞሉ። ሕዝቡ በር ላይ ተፋፈገ፤ የአዳራሹ ኃላፊ መዝሙሩን አስቁሞ ከሦስት መቶ ሰማንያ በላይ አንድ ሰው ቢገባ መብራት አጠፋለሁ አለ። ጊጊሪ ሰፈር ቢሮ ተቀምጬ ስለ መረጃ አያያዝ ሰው የማሠለጥን ሴት በጉባኤው ፊት መሳቂያ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላውን ቁጥር እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃለሁ።

ሌላው ጣጣ ይሉኝታችን ነው። አበሻ አልመጣም አይልም። ስትጠይቀው «ጌታ ቢፈቅድ» ብሎ ትኬት ይይዝና ቤቱ ይቀመጣል። ሦስት መቶ ሰማንያው ሁሉ ተያዘ ብለን ሰው ከበር መልሰን፣ ውስጥ ገብተን ስናይ ሃያና ሠላሳ ወንበር ባዶውን ተገትሯል። በአራተኛው ዓመት ትዕግሥቴ አለቀ። ፕሮግራሙ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በተከታታይ ትኬት ይዞ ያልመጣውን ሁሉ አጣርቼ አወጣሁ። ሃያ ሦስት ስም ሆነ። እነሱን በጅምላ ሰርዤ ቦታውን ለተጠባባቂዎች ልሰጥ ነው።

ከስሞቹ አንዱ በእናቱ ስልክ የተያዘ ነበር። እናቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ሩንዳ ሰፈር አንድ የባለጸጋ ግቢ ውስጥ ምግብ ያበስላሉ፣ እዚያው ጓሮ ይኖራሉ። ልጃቸው በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነስቶ ማላዊ ድንበር ላይ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እሳቸው በየዓመቱ ሁለት ትኬት ይይዛሉ፤ አንድ ለራሳቸው፣ አንድ ለእሱ። ስሙን አላየሁትም ብል ይቀለኝ ነበር። አይቼዋለሁ። እሱ እንደሆነ አይመጣም ብዬ ከሌሎቹ ጋር ሰረዝኩት።

ሶፍትዌሩ ትኬት ሲሰረዝ ወዲያው መልእክት ይልካል። እናቶች በእንግሊዝኛ እንዳይቸገሩ ብዬ መልእክቱን በአማርኛ የጻፍኩት ራሴ ነበርኩ። በልጁ ስም ይጀምርና «ስምዎ ከዝርዝሩ ተሰርዟል» ይላል።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። አገር ሁሉ ሰምቶ እናት ብቻ ሳትሰማ ቀናት ያልፋሉ። እናቱ እትዬ መልእክቱን ሲያነቡ ቤተ ክርስቲያን የሰማችው ነገር አለ ብለው ደመደሙ። ለሚያውቁት ሁሉ እየደወሉ «ምን ሰማችሁ?» አሉ። ምንም ያልሰማ ሰው ደንግጦ «ኧረ ምንም! ምን እንሰማለን?» ይላል። መርዶ የሚደብቅ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። በሁለተኛው ቀን ስልካቸውን ዘጉ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ደወሉልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

ነገርኳቸው። «በአካል ሄደን እናስረዳቸው» አሉ። ሩንዳ ለቢሮዬ ቅርብ ስለሆነ ከሥራ በፊት በጠዋት ተቀጣጠርን። እኔም ገና ካልታደለው ቦታ ለልጁ አዲስ ትኬት አወጣሁ።

የነሐሴ መጨረሻ ነበርና ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጥቁር ሻርፕ ተከናንቤያለሁ። ሽማግሌው ካፖርት ለብሰው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ሁለታችንም አገር ቤት ያደግን፣ መርዶ በስንት ሰዓትና በእነማን እንደሚነገር የምናውቅ ሰዎች ነን። አንዳችንም ምን እንደምንመስል አላሰብንም።

የግቢው ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ አየንና ወደ ጓሮ ዞሮ «ማማ! ዋጌኒ!» እያለ እንግዳ መምጣቱን ተጣራ። እትዬ ሽርጣቸውን እንዳሰሩ፣ እጃቸውን እያደረቁ መጡ። ሲያዩን ቆሙ። ሽማግሌውን አዩ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አዩ፣ ሻርፔን አዩ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አሉ። አልጮኹም።

«ማን ቀበረው?» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አይደለም!» ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። «የትኬት ነገር ነው፤ ስህተት ነው።»

በዚያች ሰዓት «ትኬት» የሚለውን ቃል መስማት አሳፈረኝ። ተንበርክኬ ስልኬን ዘረጋሁላቸው።

«ይኸው፣ መልሼዋለሁ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ቦታ ጠቦኝ ነው። ማንም የሰማው ነገር የለም።»

ስልኩን አላዩም። ፊቴን ነው ያዩት።

«እንግዲያው አለ?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። እኔም አዎ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«አናውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን ማንም ፊት ለፊት ነግሯቸው አያውቅም። ሁላችንም «ይደውላል፣ ጌታ ታማኝ ነው» እያልን ነበር የምናልፈው።

ተነሱና ቀሚሳቸውን አራገፉ። ሥራ እንዳይረፍድብሽ ብለው በጥድፊያ ሻይ አጠጡን። ይቅርታ ስለምናቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያን ቀን ቢሮ ውዬ አንድ መስመር አልሠራሁም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት መዝሙሩ ከተጀመረ በኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት ትኬት ሳትይዝ መጣች። ሌላ ጊዜ ብትሆን እመልሳት ነበር፤ አንጀት አጣሁና በሩ አጠገብ ቆመሽ ስሚ አልኳት። እሷ ግን የመካከሉን መተላለፊያ ይዛ ወደ ፊት ሄደች። አዳራሹ ውስጥ የቀረው ባዶ ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ ከእትዬ አጠገብ። በቀደሙት ዓመታት ሰው ሲጠይቃቸው «ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው» ይሉ እንደነበር ጎረቤቶቻቸው ነግረውኛል። እንዳትቀመጥበት ብዬ ተከትያት ሮጥኩ።

ስደርስ ሰው አለበት ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበር። እትዬ ወንበሩን ትንሽ አዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት።

«ማንም የለበትም፣ ልጄ፤ ተቀመጪ» አሉ።

ያን ቀን ሦስት መቶ ሰማንያው ወንበር ሁሉ ሰው ተቀምጦበት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነበር።