እናቴና የጉዞ ኢንሹራንሷ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ነው። ውጭ አገር ለመሄድ የተነሳ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ "የጉዞ ኢንሹራንሱን ላሳትመው ወይስ ስልኬ ላይ ይበቃል?" እያለ እኔን ስለሚጠይቀኝ ልረሳው አልቻልኩም። ሁለቱንም ያዙ እላቸዋለሁ። እኔም ሁለቱንም የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ ምሕረት ጀርመን ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን እንደምትወልድ ሲነገራት አንድ ነገር ብቻ ለመነችን፤ ከመግባቷ በፊት እናታችን እንድትደርስላት። እማዬ ብቻዋን መንገዱን ስለማትችለው እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ተነሳሁ። ለቪዛው የጠናነውን ደጅ አላወራውም። ቪዛው በመዘግየቱ ያገኘነው በረራ የሚያደርሰን ኦፕራሲዮኑ በሚደረግበት ቀን ጠዋት ነበር። እሷ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እንደርሳለን አልን።

ኢንሹራንሱን የሸጡልን ሰዎች ሰነዱን በቴሌግራም ላኩልኝ። ለእኔ ይበቃኝ ነበር። እማዬ ግን በእጇ ያልያዘችውን ነገር አታምንም። እሷን ደስ ይበላት ብዬ እዚያው ሰፈራችን ቤቴል ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስተላለፍኩላቸውና አሳተምኩት። እኔ ራሴ ስልኬ ላይ ከፍቼ አላየሁትም።

የምንሄድ ዕለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሊሸኙን መጡ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይጸለይለት ከቤት አይወጣም። ስንት ወር የተጸለየበት ቪዛ ሲሆን ደግሞ ፓስፖርቱም ወረቀቱም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እጅ ይጫንበታል። የጸሎት ቡድኑን የሚመሩት እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከዘነበወርቅ ድረስ መጥተው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ባረኩ። ሾፌሩ ውጭ ቆሞ ይደውላል፣ ጸሎቱ ይረዝማል። "አሜን" ሲባል ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ጠራርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣን።

ጀርመን ስንደርስ ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ የመመለሻ ቲኬታችንን ጠየቀ፤ ሰጠሁት። የእህቴን የጥሪ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ሰጠሁት። ኢንሹራንስ ሲል ቦርሳዬን አገላበጥኩ፣ የለም። ስልኬን አወጣሁ። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲነካ ግን አይከፈትም፤ ለካ አልወረደም። የአገር ቤት ሲም እዚያ አይሠራም። የአየር ማረፊያውን ዋይፋይ ለመጠቀም ደግሞ በስልክ ቁጥሬ የሚላክ ኮድ ያስፈልጋል። ኮዱ የሚላከው በዚያው በማይሠራው ቁጥር ነው።

ፖሊሱ አልተቆጣም። ከሰልፉ አውጥቶ ብዙ ሰው የሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠን። ደጋግሜ እየተነሳሁ እህቴ ልትወልድ ነው ብዬ ለመንኩ፤ ተራ ጠብቂ ተባልኩ። እማዬ መጀመሪያ ስትጸልይ ቆየች። አንድ ጊዜ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ደግማ አልጠየቀችኝም።

አጠገባችን የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት ስልኬን ወደ ጣሪያው ከፍ ዝቅ ሳደርግ ስታየኝ ቆየች። የጋራ ቋንቋ የለንም። እጇን ዘርግታ ስልኬን ተቀበለችኝና ከራሷ ኢንተርኔት ጋር አገናኘችልኝ። እስከዛሬ ከየት አገር እንደሆነች አላውቅም፤ ባስታወስኳት ቁጥር እመርቃታለሁ። ፋይሉ ወዲያው ወረደ።

ከፋይሉ ጋር የባለቤቴ መልእክትም ገባ። የታተመውን ወረቀት እትዬ አስካለ ባርከው ሲጨርሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አድርገው ይዘውት ሄደዋል። ቤታቸው ሲገቡ አግኝተውት፣ ይኸው ደውለው ያለቅሳሉ፣ ምን ልበላቸው ይላል። እኔ በንዴት መጻፍ ስጀምር እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"በጊዜ ደርሰዋል በላቸው ብለሽ ጻፊለት" አለችኝ።

እንዳለችው ጻፍኩ።

እንደገና ተራ ጠብቀን ስንጠራ ፖሊሱ ስልኬን ለአፍታ አየና ፓስፖርታችን ላይ ማኅተም መታ። ያን ሁሉ ሰዓት ያስቀመጠን ነገር ይህ ነበር።

ስንወጣ የምሕረት ባል ዮናታን አበባ ይዞ መውጫው ላይ ቆሟል። ጠዋት እንደመጣ ነው ያለው። ኦፕራሲዮኑ ተጀምሮ እንኳ አልሄደም። ምነው እሷ ጋ ብትሄድ ስለው የጠየቅኩትን ነገር ያልገባው ይመስል አየኝ።

"እማማን አየር ማረፊያ ጥዬ የት እሄዳለሁ?" አለ።

እማዬ ሰምታዋለች። እሷን በመጠበቅ ልጇ ባሏንም አጠገቧ አጥታ ነበር።

ስንገባ ምሕረት ወልዳ ተኝታለች። ሕፃኗ ደህና ናት። እህቴ አልወቀሰችንም፤ ብትወቅሰን ይቀለኝ ነበር። "ብቻዬን ገባሁ እኮ እማዬ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማዬ እጇን ታጥባ ሕፃኗን ታቀፈች፤ እስኪመሽ አላስቀመጠቻትም።

አሁን በማንም አልናደድም። ወረቀቱም ስልኩም ከሰው እጅ አያልፉም፤ የሰው እጅ ደግሞ ይሳሳታል። ደክሞኛል ብቻ።

ከተመለስን በኋላ በነበረው እሑድ እማዬ ለምስክርነት ተነሳች። እትዬ አስካለ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። እማዬ እሳቸውን እያየች፣ በእህቶች ጸሎት በሩ ሁሉ እንደተከፈተላት፣ ልጇ ልትወልድ ስትገባም እጇን ይዛ እንደነበር ተናገረች። ጉባኤው እልል አለ፤ እትዬ አስካለም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

እናቴ በሰው ፊት ቆማ ስትዋሽ የሰማኋት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ከሰው ጋር አብሬ አሜን አልኩ።