ሰብሌና የበጉ ዐይን

ጃጁራ ላይ የሚወራውን ሰምታችሁ እንደሆነ፣ የቅቤ ነጋዴዋ ሰብሌ የዐይን ቆቧን ልትሰፋ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ግራ ዐይኗን አውጥተው በሳህን አጥበው ሊመልሱ ሲሉ ጠፋባቸውና የበግ ዐይን ተከሉላት። ከዚያ ወዲህ ሣር ባየች ቁጥር ይርባታል አሉ። ወሬው ሆሳዕና ሲደርስ በጎቹ ሁለት ሆነዋል፤ ዱራሜ ሲገባ ደግሞ ፍየል መሆኑ ተረጋግጧል።

ማመኑ ግን ትንሽ ያስቸግራል። ለመሆኑ በጉ የማን ነበር? ጃጁራ ውስጥ አንዲት ዶሮ የጠፋችበት ሰው ሰፈሩን ሳያምስ አያድርም። የአንድ ሙሉ በግ ባለቤት እንዴት ዝም አለ?

እውነቱ ይኼ ነው። ሰብሌ ከልጅነቷ ጀምሮ ዐይኗ ይቀላል፣ ያዣል። ማዝ ነው፤ ሐኪሞቹ ትራኮማ ይሉታል። በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይዛመታል። ያኔ ቢደረስበት ፊት መታጠብና ኪኒን ይበቃው ነበር። ሲቆይ ግን የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ያወጣና ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይፈትጋል።

የጃጁራ መድኃኒት ደግሞ ወረንጦ ነው። ሰብሌ ወረንጦዋን በክር አንገቷ ላይ አስራ ሃያ ዓመት ኖረች። በገበያ ቀን ከቅቤ ገዢው ይልቅ ሽፋሽፍት አስነቃዩ ይሰለፍላት ነበር፤ የነቀለችው ፀጉር ቢሰበሰብ ፍራሽ ይሞላል። የአንዱን ነቅላ፣ ወረንጦውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደሚቀጥለው። የተነቀለው ፀጉር ግን ሳይቆይ አጭርና ሹል ሆኖ ይመለስና ከበፊቱ ብሶ ይወጋል።

ከሦስት ዓመት በፊት የዐይን ነርሷ ምሕረት፣ «እትዬ ሰብሌ፣ አደንዝዤ ቆቡን ወደ ውጭ መለስ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው» ብላት ነበር። ሰብሌም እሺ ብላ ቀን ተቆርጦላት ነበር። ይሁንና ከካፌው በረንዳ ሰማይ ቢደረመስ የማይነሣው ደላላ ቲቶ፣ «ዐይን እያወጡ ነው የሚያጥቡት» አለና ፈርታ ቀረች። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ግራ ዐይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ወጥቶ ብርሃኑ ጠፋ። ቀኙ መጋረድ ሲጀምር ሮጣ ሄዳ ተሰፋችና እሱ ተረፈላት። ካፌው ግን ነጩን ዐይን አየና የበግ አለው።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቷ ገነቴም በዚሁ ማዝ ቆቧ ታጥፎ የስፌት ተራ ደረሳት። ዋዜማው ላይ፣ «አልሄድም፤ ሣር መጋጥ አልፈልግም» አለች። ሰብሌ ደሟ ፈላ። እህቷን በእጇ ይዛ ካፌው በረንዳ ላይ ወጣች።

«ቲቶ፣ የወጣ ዐይን የምትቆጥረው አንተ ነህ አሉ።»

«እትዬ፣ እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ከማን ሰማህ?»

«ከወልደሰንበት።»

ጎኑ የተቀመጠው ጡረተኛው አስተማሪ ወልደሰንበት ሻዩን አስቀመጠ። «ኧረ እኔ ካንተ ነው የሰማሁት። ያውም በዚሁ ወንበር ላይ።»

«በጉስ ምን ዓይነት ነበር?» አለች ሰብሌ።

ቲቶ ትንሽ አሰበ። «ነጭ… ይባላል።»

በረንዳው ሳቀ። ገነቴ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ የእህቷን ዐይን ቆብ በጣቷ ዳበሰች፤ ከስፌቱ የቀረው ቀጭን መስመር ነው።

«አሞሽ ነበር?»

«የማደንዘዣው መርፌ ቆንጠጥ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ ምሕረት ስለ ቅቤ ዋጋ ስትጨቀጭቀኝ አለቀ።»

«ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ» አለችና ወደ ቲቶ ዞረች። «አንተም ስማ። ዐይኔን ማንም አላወጣውም፣ ማንም አላጠበውም። በግም ፍየልም አልነበረም። ግራው የጠፋው መርፌ ሳይነካኝ በፊት ነው፤ ያጠፉትም የኔ ወረንጦና ያንተ ወሬ ናቸው። ቀኙን ያተረፈልኝ ስፌቱ ነው።»